ዲስክ በርን ሳናደርግ፦ የአንድ ትምህርት ቤት ሲዲዎች ወደ ሃርድ ዲስክ የገቡበት የሥራ ማስታወሻ፣ ደሴ

ሰኞ

ሥራው የመጣው ከአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተሮች ተዘርፈዋል። ሲዲና ዲቪዲ የታጨቀበትን ካርቶን ግን ዞር ብሎ ያየው ስላልነበረ ተረፈ። አሁን በእርዳታ የመጡት ኮምፒውተሮች ከስክሪን ጀርባ የሚታሰሩ ትንንሽ ሳጥኖች ናቸው፤ ዲስክ ማስገቢያ የሚባል ነገር አልተሠራላቸውም።

የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የፈለጉት በዩኤስቢ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ለየኮምፒውተሩ እንዲገዛና ዋጋ እንዳቀርብ ነበር።

"እትዬ፣ አንድ ይበቃናል" አልኳቸው።

"አንዱን ለዚህ ሁሉ ልጅ? እየተሻሙ ሊሰብሩት?"

"ልጆቹ አይነኩትም። እኔ አንዴ አንብቤ ፋይል አደርገዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩን የሚፈልገው የለም።"

"እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ" ብለው ካርቶኑን ገፋ አደረጉልኝ። በፊታቸው ላይ ግን እምነት አላየሁም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳታ ሲዲ በ2,048 ባይት ክፍልፋይ፣ ማለትም በሴክተር የተደረደረ ነው። እነዚያን ሴክተሮች ከዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው በተርታ ወደ አንድ ፋይል ሲገለብጧቸው አይኤስኦ የሚባለው ይወጣል። ስሙ የመጣው በ1988 እ.ኤ.አ. ከወጣው አይኤስኦ 9660 ከሚባለው የሲዲ ፋይል አሰራር ደረጃ ነው። ፋይሉን ማውንት ስናደርገው ኮምፒውተሩ አንድ የዲስክ ድራይቭ የተጨመረለት ይመስለዋል። ፕሮግራሙ "ሴክተር 16ን አምጣ" ሲል ከፋይሉ 32,768ኛ ባይት ጀምሮ ያለው ይሰጠዋል፤ መልሱ ከሌዘር ይምጣ ከሃርድ ዲስክ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። የሲዲው ማውጫ የሚጀምረውም እዚያው ሴክተር 16 ላይ ነው። እዚያ ቦታ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል "ሲዲ001" የሚል ጽሑፍ ከሌለ ፋይሉ ወይ ሌላ ዓይነት ነው፣ ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ስሙ ብቻ ነው አይኤስኦ። ሰው በቴሌግራም ልኮልኝ "አልከፍት አለኝ" ሲል መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ፋይሎቹን መርጦ ወደ ፎልደር መገልበጥ ለምን አይበቃም ለሚል፦ ለፕሪንተር ድራይቨር፣ ማለትም ፕሪንተሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ለሚያግባባው ፕሮግራም፣ ይበቃል። የድሮ የትምህርት ፕሮግራም ግን ሲከፈት የዲስኩን ስም ይፈትሻል፣ ወይም ሲዲ ድራይቭ ላይ መሆኑን ይጠይቃል፤ ካጣው "ሲዲውን አስገባ" ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ ሁሉንም እንዳለ ማንሳት ይሻላል።

ማክሰኞ

ካርቶኑን ዘረገፍኩት። የፕሪንተርና የስካነር ድራይቨር፣ ከመማሪያ መጻሕፍት ጀርባ ተለጥፈው የመጡ ሲዲዎች፣ የኢንሳይክሎፒዲያ ስብስብ፣ የእንግሊዝኛ ማዳመጫ፣ ፎቶ ቤት ያዘጋጃቸው የተማሪዎች ምረቃ ዲቪዲዎች፣ በማርከር "ባካፕ" ብቻ ተብሎ የተጻፈባቸው ደግሞ ብዙ። "ባካፕ 2"፣ "ባካፕ አዲሱ"፣ "ባካፕ የመጨረሻው"። ምን እንደያዙ የሚያውቅ የለም።

ከመጀመሬ በፊት ጠረግኩ። ለስላሳ ጨርቅ፣ ከመሀል ወደ ዳር በቀጥታ። እየዞሩ መጥረግ ልማድ ነው፤ ግን ዳታው በመስመር እየዞረ ስለሚሄድ ጨርቁ የጫረው ጭረትም አብሮ ከዞረ ረጅም ቦታ በተከታታይ ይጎዳል። መስመሩን አቋርጦ የሚያልፍ ጭረት ግን ትንሽ ትንሽ ብቻ ስለሚነካ የዲስኩ የስህተት ማረሚያ ይሸፍነዋል። ሲዲ ላይ ደግሞ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ፦ አደገኛው ጎን የሚያብረቀርቀው አይደለም፣ ጽሑፍ ያለበት ነው። ብርሃን መላሹ ንጣፍ ከዚያ ሥር ወዲያው ነው ያለው፤ በእስክሪብቶ የተጫረ እንደሆነ አለቀ። ዲቪዲ ላይ ንጣፉ በሁለት ፕላስቲክ መሀል ስለሆነ ይሻላል።

ጤነኞቹን በዊንዶውስ ላይ በኢምግበርን አነሳኋቸው። ስሙ በርን ለማድረግ፣ ማለትም ባዶ ዲስክ ላይ ለመጻፍ፣ የተሠራ ያስመስለዋል፤ ግን ከዲስክ ወደ ኢሜጅ ፋይል፣ ማለትም እንደ አይኤስኦ ወዳለ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ፣ የሚያነብበት ክፍልም አለው፣ ነፃም ነው። ሲጫን አብሮ የማስታወቂያ ፕሮግራም ሊያስገባ ስለሚሞክር እያንዳንዱን ገጽ ሳያነቡ "ቀጥል" ማለት አይገባም። ድራይቨሮቹ እስከ ምሳ አለቁ። ስለእነሱ የሚጻፍ ነገር የለም።

ረቡዕ

ዛሬ የእንግሊዝኛ ማዳመጫው ተራ ነበር። የእንግሊዝኛ መምህሯ ከዓመታት በፊት ወደ ፍላሽ ገልብጬዋለሁ ብላ ፍላሹን ይዛ መጣች። ፎልደሩ ውስጥ "ትራክ 01"፣ "ትራክ 02" እያለ ይወርዳል። እያንዳንዱ ፋይል 44 ባይት ነው። ድምፅ አይደለም፤ "እዚህ ዲስክ ላይ ይህ ትራክ አለ" የሚል ምልክት ብቻ ነው። ዊንዶውስ የድምፅ ሲዲን ሲያሳይ ፋይል ያለ ያስመስላል እንጂ የድምፅ ሲዲ ላይ ፋይል የሚባል ነገር የለም።

"ታዲያ እስከዛሬ ባዶ ነው ይዤ የምዞረው?"

"አብሽሪ፣ ዲስኩ አለ።"

የድምፅ ሲዲ አይኤስኦ አይሆንም። የሲዲ ሴክተር በጥሬው 2,352 ባይት ነው፤ ዳታ ላይ ከዚያ ውስጥ 2,048ቱ ለተጠቃሚው ሲሆን ቀሪው 304 ለማመሳሰያ፣ ለአድራሻና ለስህተት ማረሚያ ይውላል። የድምፅ ሲዲ ላይ 2,352ቱም ድምፅ ነው፤ በሴኮንድ 75 ሴክተር ያልፋል። አይኤስኦ ይህንን የሚይዝበት ቦታ ስለሌለው ቢን እና ኪው በሚባሉ ሁለት ፋይሎች ይነሳል። ቢኑ ጥሬው ነው፤ ኪው ደግሞ በኖትፓድ የሚከፈት ተራ ጽሑፍ ሆኖ የትኛው ትራክ በስንት ደቂቃ፣ በስንት ሴኮንድና በስንተኛው ሴክተር እንደሚጀምር ይናገራል። ከሁለቱ አንዱ ከጠፋ ወይም ስሙ ከተቀየረ መጣላት ነው፤ ኪው ውስጥ የቢኑ ስም ተጽፏልና። ለማስቀመጫ ቢንና ኪው አደረግኩ፣ ክፍል ውስጥ ለማጫወት ደግሞ ትራኮቹን ወደ ኤምፒስሪ አወጣሁላት። ለማዳመጥ ብቻ ማውንት ማድረግ ትርፍ ድካም ነው።

"ባካፕ" ከሚሉት ውስጥ አንዳንዶቹ ደግሞ በተለያየ ጊዜ እየተጨመረባቸው የተጻፉ ሆነው ተገኙ። በየጊዜው የተጨመረው አንድ "ሴሽን" ይባላል። ዊንዶውስ የመጨረሻውን ብቻ ያሳያል፤ ጸሐፊዋ ስትጨምር የቀደመውን ካላያያዘችው የድሮው አለ ግን አይታይም። አይሶበስተር በሚባል ፕሮግራም ስከፍተው ሴሽኖቹ ተራ በተራ ወጡ። የ2001 ዓ.ም. የውጤት መዝገብ ከሥር ተኝቶ ነበር። እነዚህን በአይኤስኦ አላስቸገርኳቸውም፤ እያንዳንዱን ሴሽን ለብቻው ፎልደር አድርጌ ፋይሎቹን አወጣሁ።

ሐሙስ

የኢንሳይክሎፒዲያው ሁለተኛ ሲዲ። የሆነ ሰው እንደ ብርጭቆ ማስቀመጫ የተጠቀመበት ይመስላል። ኢምግበርን ጥቂት ሄዶ ስህተት አወጣ፣ ደገመ፣ ድራይቩ እየጮኸ እዚያው ቆመ።

እዚህ ላይ በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ ወደሚባለው ሲስተም ገባሁና ዲዲሬስኪውን አስነሳሁ። ይህ ፕሮግራም የሚለየው በጠባዩ ነው፦ የተበላሸ ቦታ ላይ ተቸክሎ አይቀርም። መጀመሪያ ደህና ደህናውን ጠራርጎ ያነሳል፣ ክፉውን እየዘለለ፤ ከዚያ ተመልሶ የዘለላቸውን ከሁለቱም ጫፍ እየቀነሰ ይጠጋቸዋል፤ በመጨረሻ ሴክተር በሴክተር ይቧጥጣል። ለሲዲ የብሎኩን መጠን 2,048 ብሎ መንገር ያስፈልጋል። የሠራውን ሁሉ ካርታ ፋይል ላይ ይመዘግባል። ካርታው ተራ ጽሑፍ ነው፤ የተነበበው አጠገብ የመደመር ምልክት፣ እምቢ ያለው አጠገብ የመቀነስ ምልክት፣ ገና ያልተሞከረው አጠገብ ጥያቄ ምልክት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ሲጀምር መብራት ሄደ። የላፕቶፔ ባትሪ አርጅቷል፤ ድራይቩም ከእሱ ነው የሚጠጣው፣ ሁለቱም ጥቂት ቆይተው ጠፉ። ካርታው ባይኖር ኖሮ ሥራው ሁሉ ከዜሮ ነበር። ማታ መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደገምኩት፤ ካቆመበት ቀጠለ። ደሴ ውስጥ ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው ከፍጥነት በፊት ይቺ ጠባይ ትበልጣለች።

ሲጨርስ ጥቂት ሴክተሮች አሁንም መቀነስ እንዳለባቸው ቀሩ። ኢሜጁ ማውንት ይሆናል፣ ፕሮግራሙም ይከፈታል፤ እምቢ ባሉት ቦታዎች ግን ያለው ዜሮ ብቻ ነው። የትኛው ፋይል ላይ ነው ያረፉት? የኢሜጁን ቅጂ ወሰድኩና በዚያው በዲዲሬስኪው የጎደሉት ቦታዎች ላይ ብቻ አንድ የማይገኝ ቃል አስሞላሁ። ከዚያ ቅጂውን ማውንት አድርጌ ያንን ቃል የያዘ ፋይል ፈለግኩ። ሁለት ወጡ፤ አንዱ የልብ አሠራርን የሚያሳይ ቪዲዮ ነው። ለባዮሎጂ መምህሩ ስነግረው "ከሲዲው ሁሉ የምፈልገው እሱን ነበር" አለኝ።

ቅዳሜ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። እዚያ ጥገና ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋ አሮጌ ዴስክቶፕ አለ፤ ድራይቩ የድሮ፣ ከባድ፣ በውስጥ የሚታሰር ነው። ድራይቮች በሌዘራቸውም በትዕግስታቸውም ስለሚለያዩ አንዱ ያቃተውን ሌላው ያነበዋል፤ ያው ካርታ እስካለ ድረስ ሁለተኛው ድራይቭ የሚሞክረው የጎደለውን ብቻ ነው። ዲስኩን፣ ኢሜጁንና ካርታውን ይዤ በሐረጎ ቁልቁለት በሚኒባስ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ።

"ለስድስት ሴክተር ነው የመጣኸው?" ብሎ ሳቀብኝ።

"ለ12 ኪሎ ባይት።"

"አንተ ሰውዬ ጤና የለህም። ቡና ይምጣ?"

ቡናው ሁለተኛው ላይ ሳይደርስ አምስቱ ወደ መደመር ተቀየሩ። ስድስተኛው የድራይቩን ፍጥነት ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ ሲሞከር ገባ። ዲስክ በፍጥነት ሲሽከረከር ይንቀጠቀጣል፤ የተጫረ ሲሆን ቀስ ማለት ያዋጣል። ቪዲዮውን እዚያው ከፈትነው፤ ልቡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መታ።

ሰኞ

ዛሬ ማውንቱ። የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተሮች ዊንዶውስ 10 ናቸው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ይህ ነገር ውስጡ ስላለ ምንም መጫን አያስፈልግም፦ አይኤስኦውን ደብል ክሊክ፣ አዲስ ድራይቭ ይመጣል፤ ሲጨርሱ ድራይቩ ላይ ቀኝ ክሊክ አድርጎ ኢጀክት። አንዱ ላይ ደብል ክሊክ ሲደረግ የታመቀ ፋይል መክፈቻው ዊንራር ነው የተከፈተው፤ ሲጫን የአይኤስኦን ፋይል ለራሱ ስለሚይዘው ነው። ቀኝ ክሊክ፣ "ኦፕን ዊዝ"፣ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር። ሌላው ላይ ደግሞ ጨርሶ እምቢ አለ፤ ፋይሉ ያለበት ፎልደር ቦታ ለመቆጠብ ኮምፕረስ ተደርጎ ነበር። እዚያ ውስጥ ያለ አይኤስኦ ማውንት አይሆንም፤ ወደ ሌላ ፎልደር ሲገለበጥ ተከፈተ።

የምረቃ ዲቪዲዎቹን በፍላሽ ላመላልስ ብል ፍላሹ "ፋይሉ ይበዛብኛል" አለ፤ 32 ጊጋ ባይት ባዶ ይዞ። ፎርማቱ ፋት32 ነው፤ ፋት32 ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ባለ 4.7 ጊጋ ባይት ዲቪዲ ሙሉውን ሲነሳ ያንን ያልፋል። ወደ ኤክስፋት ፎርማት ሲደረግ ገባ። ለምረቃ ቪዲዮ ማውንት ማድረግም አያስፈልግም፤ ቪኤልሲ አይኤስኦውን ቀጥታ ይከፍታል። እትዬ የመጀመሪያው ላይ ልጃቸውን ሲያዩ ሥራው ለጊዜው ቆመ። ጋዋን ለብሳ፣ አበባ ታቅፋ፣ ከኋላዋ የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ። እስኪጨርሱ ጠበቅኩ። ከዚያ በኋላ ስለ ድራይቭ ግዢ አላነሱም።

የሪከርድ ክፍሉ ኮምፒውተር ግን ዊንዶውስ 7 ነው፤ ለስካነሩ ሲባል አይቀየርም። ሠራተኛዋ አይኤስኦውን ደብል ክሊክ ስታደርግ ባዶ ዲስክ አስገቢ የሚል መስኮት መጣባት። ዊንዶውስ 7 የሚያውቀው በርን ማድረግ ብቻ ነው። ዊንሲዲኢሙ ጫንኩላት፤ ነፃና ክፍት ምንጭ ነው። አይኤስኦ ብቻ ሳይሆን ኔሮ የሚባለው የበርን ፕሮግራም የሠራውን ኤንአርጂና ኤምዲኤፍ የሚባለውንም ይከፍታል። ሰዎች እነዚህን ስማቸውን ወደ አይኤስኦ በመቀየር ሊያስከፍቷቸው ይሞክራሉ፤ ውስጣቸው ሌላ ስለሆነ ስም መቀየር አይረዳም። የኢንሳይክሎፒዲያው ፕሮግራም ሲዲውን "ዲ" ላይ ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ዊንሲዲኢሙ ፊደሉን ያስመርጣል፣ ከሪስታርት በኋላም እንዲቆይ ማድረግ ይቻላል። ዊንዶውስ 10 ላይ ግን ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ማውንቱም አብሮ ይሄዳል፤ ለዚያ በፓወርሼል፣ በዊንዶውስ የትእዛዝ መጻፊያ፣ አንድ መስመር ጽፌ ሲበራ አብሮ እንዲነሳ አደረግኩት።

ማክሰኞ

ሁለት እምቢተኞች ቀሩ። አንደኛው የሂሳብ መለማመጃ ነው፤ ኢሜጁ ጤነኛ፣ ማውንቱም ጤነኛ፤ መጫኛው ግን 16 ቢት ነው። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ 16 ቢት ፕሮግራም ጨርሶ አያስኬድም፤ ዲስኩ ራሱ ቢገባ ለውጥ የለውም። ኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር በሚያስመስለው በቨርቹዋልቦክስ ውስጥ አሮጌ 32 ቢት ዊንዶውስ አስነስቼ አይኤስኦውን ለእሱ የዲስክ ድራይቭ ሰጠሁት፤ ሠራ። ሁለተኛው ጨዋታ መሰል ትምህርት ነው፣ ሴፍዲስክ በሚባል የቅጂ መከላከያ የታሰረ። የዚያን ድራይቨር ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ 10 አውጥቶታል፤ በ2015 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቀደሙትም ላይ በደህንነት ማሻሻያ ዘግቶታል። ዋናው ዲስክ ቢኖርም አይከፈትም። መከላከያውን የሚሰብር ፋይል ከኢንተርኔት ልናምጣ ያለኝ ተማሪ ነበር። "ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ነው" አለኝ። አይሆንም አልኩት፤ የሰው መብት ነው፣ የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996ም አለ፣ ደግሞም ከእንደዚያ ዓይነት ፋይል ጋር ምን እንደሚመጣ አይታወቅም።

በዚህ አጋጣሚ ለሁሉም የነገርኩት፦ ከማያውቁት ሰው በኢሜይል ወይም በቴሌግራም የመጣ አይኤስኦ አይከፈትም። ዊንዶውስ ከኢንተርኔት የወረደ ፋይል ላይ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያደርጋል፤ ግን ለረጅም ጊዜ ምልክቱ አይኤስኦው ላይ ይቀርና ውስጡ ያለው ፕሮግራም ምልክት ሳይኖረው ይከፈት ነበር። አጭበርባሪዎች በዚያ ቀዳዳ ብዙ ተጠቅመዋል። ማይክሮሶፍት በኅዳር 2022 እ.ኤ.አ. ማሻሻያው ደፍኖታል፤ ማሻሻያ ያልደረሰው ኮምፒውተር ላይ ግን አሁንም ክፍት ነው።

ረቡዕ

የመጨረሻው ሥራ ማመሳከር ነው። ለእያንዳንዱ ኢሜጅ በሰርትዩቲል፣ ዊንዶውስ ውስጥ ባለው፣ የሻ-256 ቁጥር አወጣሁ፤ 64 ፊደልና አኃዝ ነው፣ ፋይሉ አንድ ባይት ቢቀየር ቁጥሩ ሌላ ይሆናል። ቁጥሮቹን ከዲስኮቹ ስም ጋር በኤክሴል አስቀመጥኩ። ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ አድርጌ ሳመሳክር አንድ የምረቃ ዲቪዲ አልገጠመም፤ ሲገለበጥ ገመዱ ላላ ብሎ ነበር። ሃርድ ዲስኩን በሌላ ገመድ ሰክቼ እንደገና ገለበጥኩት፣ ገጠመ። አንዱ ሃርድ ዲስክ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ሌላው በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ቁልፍ ባለው መሳቢያ ውስጥ ይቀመጣል።

ስወጣ የእንግሊዝኛ መምህሯ በር ላይ ያዘችኝ። ቤቷ ባለው ላፕቶፕ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ልጫንበት ትላለች፤ አይኤስኦው ከ5 ጊጋ ባይት በላይ ሆኖ ባዶ ዲቪዲ ላይ አልገባ ብሏታል። ፍላሽ ላይ ቬንቶይ የሚባል ፕሮግራም እንጫን፣ አይኤስኦውን እንደ ተራ ፋይል ትገለብጪበታለሽ፣ ላፕቶፑ ከዚያው ይነሳል አልኳት። ዓርብ ፍላሹን ይዛ ትመጣለች፤ ቢያንስ 16 ጊጋ ባይት እንዲሆን ነግሬያታለሁ።